ትምህርት ዐሥራ አራት፦ «ገባ» የሚለው ግሥ ፍችና አገባብ

ከዚህ በታች ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

1. ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ ይገባል።
2. ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ገባ።
3. አባቴ ከቡሬ ገበያ ሲመሽ ገባ።
4. ጎረቤታችን ባለፈው ወር እድር ገባ።
5. መምህርት የተናገሩት አሁን ገባኝ።

በአምስቱም ውስጥ ያለው ግሥ አንድ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውሃ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ አለፈ፤ በሁለተኛው አንድ ወቅት ጀመረ፤ በሦስተኛው ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በአራተኛው ሰው የማኅበር አባል ሆነ፤ በአምስተኛው ነገር በልቡና አደረ። እኛ ቃሉን ከልጅነታችን ጀምረን ስለ ለመድነው አንዱን ከሌላው ሳናምታታ እንናገራለን። ስንናገር ፊታችን፣ እጃችንና ያለንበት ስፍራ ያግዙናል። ስንጽፍ ግን እነዚህ ረዳቶች ሁሉ ይቀራሉ፤ ቃሉ ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ቃሉን ከሥሩ ጀምረን እንመረምራለን።

የቃሉ ሥር

«ገባ» በግዕዝ «ገብአ» ነው። የመጨረሻው ፊደል በአማርኛ ወድቋል፤ በወደቀበት ስፍራ «ባ» የሚለውን የራብዕ ድምፅ ትቶልናል። «መጽአ» መጣ፣ «ወፅአ» ወጣ፣ «ሰምዐ» ሰማ፣ «በልዐ» በላ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው።

የፍቹ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። ግዕዝ ወደ ውስጥ ስለ ማለፍ ሲናገር ዘወትር የሚጠቀምበት ሌላ ግሥ አለው፤ እርሱም «ቦአ» ነው። «ገብአ» አስቀድሞ የሚያመለክተው መመለስን፣ ወደ ነበሩበት መግባትን ነው። አማርኛ «ቦአ»ን ትቶ «ገብአ»ን ሲወርስ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ግሥ ላይ ጫነ። ስለዚህ ዛሬ «ገባ» ስንል አዲስ የመጣውንም የተመለሰውንም እንጠራበታለን።

ይህን በገጠር ያደገ ተማሪ በቀላሉ ይረዳል። ማታ «ከብቶቹ ገቡ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከብቶቹ ያን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ ወይ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ከሜዳ ወደ በረታቸው ተመለሱ ወይ ማለት ነው።

ሁለቱ ፍችዎች በአንድ ግሥ ውስጥ መኖራቸው በታሪክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

ሀ. የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።
ለ. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ቀኑም ወሩም ከተማውም ግሡም አንድ ናቸው፤ የተለየው ዓመቱና ባለቤቱ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ወራሪ ነው፤ ሁለተኛው ከስደት ተመላሽ ነው። ሰዋስው በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም። ልዩነቱን የሚያደርገው አንባቢው ስለ ባለቤቱ ያለው ዕውቀት ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሊያነበው የሚችለውን ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሁሉ በ«ሀ» ላይ «ወርሮ ገባ»፣ በ«ለ» ላይ «ተመልሰው ገቡ» ብሎ ቢጽፍ የተሻለ ነው። አንድ ቦዝ አንቀጽ መጨመር ብዙ ወረቀት አይፈጅም።

የወደቀው ፊደል የት ነው?

በአማርኛ ግሡ የጠፋው «አ» ከሥሩ በተወለዱ ስሞች ውስጥ ዛሬም ይገኛል። በግዕዝ «ተጋብአ» ማለት ተሰበሰበ ማለት ነው፤ ከዚሁም «ጉባኤ» የሚለው ስም ወጥቷል። እንግዲህ «ጉባኤ» እና «ገባ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ጉባኤ ብዙዎች በአንድነት የሚገቡበት ነው። በቅኔ ትምህርት ቤት የጀማሪ ተማሪ የመጀመሪያ ቅኔም «ጉባኤ ቃና» ይባላል።

ከዚህ አንድ የአጻጻፍ ሕግ እናገኛለን። በጋዜጣና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጉባዔ» ተብሎ በዐይኑ «ዔ» ተጽፎ ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። ሥሩ «ገብአ» እንጂ «ገብዐ» ስላልሆነ ትክክለኛው «ጉባኤ» ነው። እንዲሁም «ግብዓት» ሳይሆን «ግብአት»፤ «ግብዓተ መሬት» ሳይሆን «ግብአተ መሬት» ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይመልከት። ነገር ግን የመጽሐፉ ፊደል የሚሄደው በአበገደ ተራ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ አለዚያ ገጽ ሲገለብጥ ይውላል።

«ግብአተ መሬት» የሚለውን ቃል ስናነሣ አንድ ነገር እናስተውል። የቀብር ሥርዓት በዚህ ስም መጠራቱ ከጥንቱ ፍች የተነሣ ነው፤ ከመሬት የተፈጠረ ሰው ወደ መሬት ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ «መግባት» የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

«ገባ» መጀመሪያን ሲያመለክት

ባለቤቱ የጊዜ ስም ሲሆን «ገባ» ማለት ጀመረ ማለት ነው። ሰኔ ገባ፤ ዐቢይ ጾም ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ገበሬው ግን የክረምቱን መግባት የሚያውቀው በዝናሙ ስለ ሆነ ከዚያ አስቀድሞ «ገባ» ሲል ይሰማል፤ ሁለቱም በየሚዛናቸው ልክ ናቸው። ስለ መስከረም ስንናገር ደግሞ ቋንቋችን ሌላ ግሥ ይመርጣል፤ «መስከረም ጠባ» እንላለን። ዓመት እንደ ሌሊት ነግቶ ይታያልና።

አሁን «ገባ» እና «ጀመረ» አንዱ በሌላው ስፍራ የሚቆሙ መሆን አለመሆናቸውን እንፈትን። «ክረምት ጀመረ» ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን «የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ» የሚለውን ወስደን «የግድቡ ሥራ ገባ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል። ሥራ የሚጀመረው በሠሪ ነው፤ ክረምት ግን ማንም ሳይጀምረው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሠሪ ያለው ነገር ይጀመራል፤ ተራውን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ይገባል። ክረምት በየዓመቱ ይመለሳል፤ እዚህም የጥንቱ «ገብአ» ፍች ከሥር ሆኖ ይሠራል። ሠሪውን ባለቤት አድርገን «ሰውየው ሥራ ገባ» ስንል ግን ዐረፍተ ነገሩ ይቃናል።

መግባትንና መጀመርን ያገናኘ ቋንቋ አማርኛ ብቻ አይደለም። በላቲን «ኢኒቲዩም» ማለት መጀመሪያ ማለት ነው፤ ቃሉም ወደ ውስጥ መሄድ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከዚሁ ሥር በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ አዲስ ሰውን በሥርዓት ወደ ማኅበር ማስገባትን የሚያመለክት ግሥ ተወልዷል። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ጅማሬንና አባልነትን በአንድ በር ማስገባታቸው ያስደንቃል።

«ገባ» አባልነትን ሲያመለክት

የሚከተሉትን ጥንዶች አነጻጽሩ።

ሀ. ልጁ ትምህርት ቤት ገባ።
ለ. ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ።

ሀ. እናቴ ማኅበር ገባች።
ለ. እናቴ ማኅበሩ ወዳለበት ቤት ገባች።

በ«ሀ» ያለው ልጅ ተማሪ ሆኗል። በ«ለ» ያለው ልጅ ግን ኳስ ሊፈልግ የገባ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። በ«ሀ» ያሉት እናት ማኅበርተኛ ሆነዋል፤ በ«ለ» ያሉት እናት ዕቃ ሊያውሱ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን ያመጣው ምንድር ነው? በ«ሀ» ስሙ ባዶውን ቆሟል፤ «ወደ» የሚለው መስተዋድድም «ው/ኡ» የሚለው አመልካችም የለበትም። ስሙ እንዲህ ከግሡ ጋር ተጣብቆ ሲቆም መግባቱ የእግር ሳይሆን የኑሮ ለውጥ ይሆናል። እቁብ ገባ፣ ሰንበቴ ገባ፣ ቅኔ ቤት ገባ፣ ጠበል ገባ የሚሉት ሁሉ በዚህ ዐይነት የተሠሩ ናቸው።

የመጨረሻውን ከግሽ ዓባይ ጋር አያይዘን እንመልከት። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምንጩ ዘንድ ሄደዋል። በአማርኛ ስለ እነርሱ «ግሽ ዓባይ ደረሱ» ይባላል። አይተው፣ ጽፈው አልፈዋልና። (ብሩስ ከአውሮፓውያን መጀመሪያ የደረስሁ እኔ ነኝ ብሎ ነበር፤ ፓኤዝ ግን 152 ዓመት ቀድሞታል። የሰከላ ሰው ከሁለቱም በፊት ከዚያው ውሃ ይጠጣ እንደ ነበር ሳይናገሩት ይታወቃል።) ለመፈወስ ከሩቅ አገር መጥቶ በዚያው ሰንብቶ የሚጠመቀው ምእመን ግን «ጠበል ገባ» ይባላል። አንዱ ደረሰ፤ ሌላው ገባ።

በጎጃም ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ «ወንፈል ገባ» የሚባል አለ። ወንፈል የገባ ሰው ዛሬ በባልንጀራው እርሻ ላይ የዋለውን ያህል ባልንጀራው በተራው መጥቶ ይውልለታል። ለዚህ መዝገብ የለውም፤ የመግቢያ ገንዘብም የለውም። የሚያስገባው ሥራው ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንፈልገው ያዙት።

«ቃል ገባ»፣ «ውል ገባ» የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ ሰው በተናገረው ቃል ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። የገባው ሰው የሚጠራበት ስም «አባል» ነው። «አባል» በግዕዝ የአካል ክፍል ማለት ነው፤ እጅ ወይም እግር የሰውነት አባል ነው። እንግዲህ ማኅበር ሰውነት ነው፤ የገባው ሰው ከዚያ ሰውነት አንድ ብልት ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን መግባት ሁሉ መዋሐድ ነውን? ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። የአገሩ ሰው ሲናገር፣ ዓባይ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል ይላል። የውሃ ነገር ተመራማሪ በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ ለቋንቋ ትምህርት ግን ጠቃሚ ነው። ሕዝቡ «ገባ» እና «ተቀላቀለ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል ማለት ነውና።

ምንባብ፦ በአንድ ግሥ ላይ የተነሣ ክርክር

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በጎጃም ገጠር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ መምህር በነበረበት ዘመን የተመለከተውን እዚህ ላይ ያስታውሳል።

በከተማይቱ አንድ እድር ነበረ። መተዳደሪያ ደንቡ «እድር ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ቢሞት ለቤተ ሰቡ ገንዘብ አይከፈልም» ይል ነበር። አንድ ገበሬ በመስከረም ወር የመግቢያውን ገንዘብ ለእድሩ ዳኛ ሰጠ። ጸሓፊው ታሞ ሰንብቶ ስለ ነበር የገበሬው ስም በመዝገብ የሰፈረው በኅዳር ማለቂያ ነው። ሰውየው በጥር መጨረሻ ሞተ። ከመስከረም ቢቆጠር ሦስት ወሩ አልፏል፤ ከኅዳር ቢቆጠር ግን ገና ሁለት ወር ነው።

በእድሩ ጉባኤ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን፣ ገንዘቡ ከገባ ሰውየው ገብቷል አለ። ሌላው ወገን፣ ስሙ መዝገብ ካልገባ ሰውየው አልገባም አለ። አዘጋጁ የአማርኛ መምህር ነውና ተጠርቶ ዐረፍተ ነገሩን እንዲፈታ ተጠየቀ። እርሱም በወጣትነት ኩራት ቆሞ፣ ግሡ ሁለቱንም ፍች ይሸከማል፤ በሰዋስው በኩል ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ ተቀመጠ። መልሱ እውነት ነበረ። ሟቹ ትቷት ለሄደው ሴትና ለልጆችዋ ግን ምንም አልጠቀመም።

በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ተነሡና «በጥቅምት አንድ ሰው ቀብረን ነበር። የዚያን ሰው ቃሬዛ በፊት በኩል የተሸከመው ማን ነበር? ያን ቀን የገባ ነበር ወይስ ያልገባ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። ዳኞቹ መዝገቡን ይዘው ፈረዱ፤ ከእድሩ ሣጥንም ገንዘብ አልወጣም። ሰዎቹ ከስብሰባው ሲወጡ ግን አረጋዊው ጋቢያቸውን በበሩ ላይ ዘረጉ፤ እያንዳንዱ ያለውን እየጣለ አለፈ። ከመዝገቡ ጋር የቆሙትም ጣሉ።

ከአንድ ወር በኋላ ደንቡ እንዲታረም ተወሰነ፤ አዘጋጁም ረቂቁን እንዲጽፍ ታዘዘ። የጻፈውም ይህ ነው፦ «አባሉ የመግቢያውን ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኝ ከተቀበለበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢሞት ለቤተ ሰቡ ገንዘብ አይከፈልም። ስሙ በመዝገብ አለመስፈሩ አባሉን አይጎዳም።»

ሁለቱን ደንቦች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መርምሩ። በአዲሱ «ገባ» የሚለው ግሥ ወጥቷል፤ የቀረው «መግቢያ» የሚለው ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የገንዘቡን ዐይነት ይነግራል እንጂ ጊዜ አይቈጥርም። በግሡ ስፍራ ሁለት የሚታዩ ድርጊቶች ቆመዋል፤ «ከፍሎ» እና «ከተቀበለበት»። ሁለቱም ቀን አላቸው፤ ደረሰኙም ቀኑን ይመሰክራል። በፊተኛው ደንብ የስሕተቱ መነሻ ቃሉ መጥፎ መሆኑ አልነበረም። «እድር ገባ» በአፍ ሲነገር የተዋበ አማርኛ ነው። ነገር ግን በምን ገባ? ከመቼ ጀምሮ ገባ? የሚሉት ጥያቄዎች በአፍ ሲሆኑ ይጠየቃሉ፤ በደንብ ውስጥ ሲሆኑ የሚጠየቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

የአረጋዊው ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ፍች የተለየ መሆኑን ልብ በሉ። እርሳቸው ግሡን የተረዱት እንደ ወንፈል ነው። ይህ ሦስተኛው ፍች በአዲሱም ደንብ ውስጥ አልተጻፈም። እንዴት ሊጻፍ ይችል እንደ ነበር አዘጋጁ ብዙ ጊዜ አስቦበታል፤ እስከ ዛሬም ደስ የሚያሰኝ ዐረፍተ ነገር አላገኘለትም።

ከሥሩ የተወለዱና ያልተወለዱ

ከ«ገባ» የሚረቡ ግሦችና ስሞች ብዙ ናቸው፤ አስገባ፣ አገባ፣ ተጋባ፣ አጋባ፣ ተግባባ፣ አግባባ፣ ገቢ፣ መግቢያ፣ ጋብቻ፣ አግባብ። ጥንት በቅኔ ቤት ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ተማሪ የሚያጠናቸው የሰዋስው ክፍሎች «ዐቢይ አገባብ፣ ንኡስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ» ይባላሉ። ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስፍራቸውን ይዘው የሚገቡበት ሥርዓት ስለ ሆነ ነው። የዚህ ትምህርት ርእስም ቃሉን ከዚያ ተውሶታል።

«ይገባኛል» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። «ግዕዝ ይገባኛል» ማለት እረዳዋለሁ ማለት ነው፤ «ከውርሱ ግማሹ ይገባኛል» ማለት መብቴ ነው ማለት ነው። ባለቤቱን ፈልጋችሁ ብታገኙ ፍቹ ወዲያው ይለያል።

አሁን ወደ አንድ ወጥመድ እንምጣ። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የጣና ገባር ወንዞች ናቸው። ወደ ሐይቁ ስለሚገቡ «ገባር» ተባሉ የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ አሳሳቱም ብልህ አሳሳት ነው። ዳሩ ግን «ገባር» የወጣው ከ«ገበረ» ነው፤ «ግብር» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ገባር ወንዝ ማለት ውሃውን እንደ ግብር ለትልቁ የሚያስረክብ ወንዝ ማለት ነው። በሥሩ መጨረሻ ያለውን «ረ» ተመልከቱ፤ በ«ገባ» ዘመዶች በአንዳቸውም ውስጥ አይገኝም። እንዲሁም ኳስ ተጫዋች «ግብ አገባ» ሲባል ሁለቱ ቃላት ወንድማማች ይመስላሉ፤ «ግብ» ግን በግዕዝ ጉድጓድ ማለት ሲሆን ሥሩ ሌላ ነው።

መልመጃ

1. «ፍኖተ ሰላም ገባ» የሚለውን ሐረግ በመጠቀም ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። በአንደኛው ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ፣ በሁለተኛው ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው መሆኑ ይታወቅ። «ለመጀመሪያ ጊዜ» እና «ተመለሰ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

2. ቀጥሎ ካሉት ውስጥ በፊደል አጻጻፍ የተሳሳቱትን አርሙ፤ ምክንያቱንም ከሥሩ አስረዱ፦ ጉባዔ፣ መግቢያ፣ ግብዓት፣ ጋብቻ።

3. «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት በግሽ ዓባይ የተወለደ ልጅ ቢሰማ ምን ብሎ ሊመልስ ይችላል? በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

4. በአካባቢያችሁ ካለ እድር፣ እቁብ ወይም ማኅበር ደንብ ውስጥ ስለ አዲስ አባል የሚናገረውን አንቀጽ ገልብጣችሁ አምጡ። የተጻፈ ደንብ ከሌለው ሽማግሌ ጠይቃችሁ በቃል የሚነገረውን ጻፉ። አንድ ሰው አባል የሚሆነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ሆነ ከአንቀጹ ብቻ ለመረዳት ይቻላልን? ካልተቻለ አንቀጹን እንደ ገና ጻፉት።